ባዶ ሆኖ ስለ ሞላው ቦታዬ

ይድረስ ለተከበሩ የድረ ገጽ ማስተናገጃ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፤

ጤናና ሰላም ከእርስዎና ከቤተሰብዎ አይለይ፤ ሰርቨሮችዎም ሳይግሉ ይክረሙ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢ አንድ ነገር ይረዳልኝ። ድርጅቱ ለአንድ ድረ ገጽ የሚሰጠው ቦታ በሁለት መንገድ ይለካል፤ አንደኛው ፋይሎቹ በጠቅላላ የሚይዙት መጠን፣ ሁለተኛው የፋይሎቹ ቁጥር ነው። አንዱ ከሞላ፣ ሌላው ባዶ ቢሆንም በሩ ይዘጋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ላስተማርኩት ለእኔ እንኳ ይህን መረዳት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ማስታወቂያዎ «ገደብ የለሽ ቦታ» ስለሚል፣ ጥፋቱ ቃሉን እንዳለ የተቀበልኩት የእኔ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩. ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጂኦሜትሪ ጥያቄዎቼን ተማሪዎች እንዲሠሩባቸው በድረ ገጽ አኖራለሁ። ጥያቄው በአንድ ፋይል፣ መልሱ በሌላ ፋይል ነው፤ ተማሪ ሳይሠራ መልሱን አሾልኮ እንዳያይ። በዚህ ልማዴ አሥር ሺህ ፋይል ደረስኩና ተዘጋብኝ፤ ሁሉም ተደምረው ግን ከተሰጠኝ መጠን አንድ አምስተኛውን አይሞሉም። ሥርዓት መያዜን ስለቀጡልኝ አመሰግናለሁ።

፪. ስልክ ደውዬ ስጠይቅ ባልደረባዎ በትሕትና «አባባ፣ ቦታ ያስለቅቁ» አሉኝ። እኔም ትልልቅ የሆኑትን፣ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር የተነሳኋቸውን አሥራ ሁለት ፎቶግራፎች ሰረዝኩ። አሥራ ሁለት ፎቶ አጥቼ የአሥራ ሁለት ፋይል ቦታ አገኘሁ፤ እሱም በማግስቱ በስድስት ጥያቄና በስድስት መልስ ሞላ። ለምክሩ እጅ ነሥቻለሁ።

፫. ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ጡረታ የወጣው ጎረቤቴ የስፖርት መምህር በእርስዎው ድርጅት፣ በእኔው ዓይነት ውል ድረ ገጽ አለው። ያለው አርባ ቪዲዮ ነው፤ በአርባውም ራሱ ገመድ ይዘላል። የያዘው መጠን ከእኔ ሦስት እጥፍ ቢሆንም ቁጥሩ አርባ ነውና ማስጠንቀቂያ አያውቅም። በየማለዳው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «የኔታ፣ ዛሬስ ሞላ ወይስ ጎደለ?» ይለኛል። ጎብኚዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጥሬአለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ይበልጡኛል። ቀንተህ ነው የሚለኝ ቢኖር አልከራከርም፤ ቀንቻለሁ።

በደብዳቤዎ እንደገለጹት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀነስኩ ድርጅቱ ከቆዩት ፋይሎች ጀምሮ ራሱ ይሰርዛል። የቆዩት ስለ ነጥብና ስለ መስመር የሚያስተምሩት ናቸው፤ የቀረው ሁሉ የቆመው በእነሱ ላይ ነው። ተማሪዎቹም ፈተናቸው ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። አምሳ አምሳውን ጥያቄ በአንድ ፋይል ማጣመር በቤቴ ኮምፒውተር ጀምሬ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ፤ ሁሉንም ሳልጨርስ ግን በድረ ገጹ ያሉትን አልነካም፤ የምለምነው የሁለት ወር ጊዜ ብቻ ነው።

መጠኑ ገደብ በሌለው፣ ቁጥሩ ግን ባለቀ አክብሮት፣
አራት አምስተኛው ባዶ የሆነው፣ ሙሉ ደንበኛዎ፤
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በድረ ገጼ ላይ ላወጣው ብሞክር፣ እሱም አንድ ፋይል ነውና ቦታ ታጣለት። ስለዚህ በጎረቤቴ ድረ ገጽ ላይ አርባ አንደኛ ሆኖ ወጣ። በሁለት ቀን ውስጥ ከገመድ ዝላዮቹ ሁሉ የበለጠ ሰው አየው፤ ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አላለም። እባክዎ እስከ ዓርብ መልስ ይስጡኝ፤ ከተቻለም በአንድ ፋይል።