በእጅ የተነሳችው የውድድር መኪና

ሮተርዳም፣ ነሐሴ 1980

ጣሰው ወንድሜ፣

መኪና ጭቃ ሜዳ ላይ ሲዞር መዋሉ ምኑ ደስ ይላል? እኔም እስከ ትናንት እንዲሁ እል ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ በየዓመቱ ስፕሪንት የሚባሉ የጭቃ ሜዳ ውድድር መኪኖች ሻምፒዮና ይደረጋል። መኪኖቹ የሞተር ማስነሻ የላቸውም፤ ትራክተር ከኋላ ገፍቶ ነው የሚያስነሳቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ እየወጣች የተመለሰችው ኤልስ የምትባል ሾፌር ለፍጻሜው ስትዘጋጅ ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። የማስጀመሪያው ባንዲራ ሳይውለበለብ መኪናዋ ካልተነሳች ከውድድሩ መውጣቷ ነው።

«ቆማችሁ ታያላችሁ እንዴ?» ብላ ጮኸችብን፣ ከአምስተርዳሙ የቢልመር ሰፈር አብራን የመጣችው ጓደኛችን ተሻለች። እኛ አገር ቀጥ ብሎ የቆመ ታክሲ ለመግፋት ማን ፈቃድ ይጠይቃል? እኔ፣ ተሻለችና የክፍል ጓደኛዬ ማንደፍሮ አጥሩን ዘለን መኪናዋን ገፋናት። ተነሳች! ዳኛው ግን «በእጅ ክልክል ነው!» ብሎ ሊያስወጣት ሲል፣ ውድድሩን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት ሽማግሌ ሜኔር ኬስ (ሜኔር እንደኛ «አቶ» ነው) ደረሱ።

«አንተ ልጅ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በድንች ማሳዬ ላይ ስንጀምር፣ ሁላችንንም ገፍተው ያስነሱን ሚስቶቻችን ናቸው!» አሉት።

ዳኛው ሳቁ አመለጠው፤ ለቀቃት። ኤልስም አንደኛ ወጣች!

በሚቀጥለው ዓመት አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብሩ መኪኖቹ ሁሉ እንደ ድሮው በእጅ ይነሳሉ። ሜኔር ኬስ ገፊዎች ሲመዘግቡ ያንተንም ስም አስጽፌያለሁ። ስለዚህ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲን ማመልከቻ ዛሬ ነገ ሳትል ሞልተህ ላክ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማ ብዙወርቅን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ትመጣለህ አይደል? ቁርጡን ጻፍልኝ።

ይሁኔ