የባሻ ውብነህ ደብዳቤዎችና የእርሳሱ ጉድጓድ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.፣ ረፋድ

ከቅ. ሚካኤል ተመልሼ እንደገና ደብዳቤው ላይ። ሦስተኛው ነው። ባሻ ውብነህ ወረቀት ይቆጥባል፤ ሲሞላበት ዳር ዳሩን ዞሮ ይጽፋል። እኔም ወረቀቱን ሳዞር አንገቴ አብሮ ይዞራል። ደብተሬ፣ ብታዪኝ ትስቂ ነበር።

ሰውየው ከጣሊያን በፊት በትክል ድንጋይ በኩል የነበረው የእርሳስ ጉድጓድ ሹም ነበር። እርሳሱ ለጥይት ነው። የሚጽፈው እዚህ ጎንደር ለነበሩት ለጉድጓዱ ጌታ። እሳቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ወ/ሮ በላይነሽ ከሳጥን አውጥታ አዋሰችኝ። አንብቢልኝ ያለኝ የሟቹ ባለቤቴ ወንድም አያ ዳምጤ ነው። ሥራውን እንደገና ሊጀምር አስቧል። ዋሻው ግን ብዙ ነው፤ ጥሩው እርሳስ በየትኛው እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልቀረም። ባለቤቴ አስረስ ያውቅ ነበር። እዚያ አቅላጭ ነበር።

ጥቅምት ፲፭

የባሻ ነገር ደስ ይለኛል። ስለ ራሱ አንድ መስመር የለውም። ሠራተኞቹን በየስማቸው ያነሳል፤ የማን ላም ወለደች፣ የማን እናት ታመመች። ከምሳ በፊት እጃቸውን በአመድ ያስታጥባል። ምሳውን ከወንዝ ማዶ ያበላቸዋል። ምነው እንዲህ ተጨነቀ? አልገባኝም። ጌታውን ሲለምን እንኳ አይለማመጥም። ሸጋ ሰው።

ጥቅምት ፳፣ ቅዳሜ

አያ ዳምጤ ለገበያ መጥቶ ጎራ አለ። ዋሻውን አገኘሽው ወይ? ገና። ሳቀብኝ። «እቴ፣ ደብተራ ሆነሽ ቀረሽ። ድግምቱን ተዪና ጉድጓዱን ንገሪኝ» አለ።

እርሳሱን የሚገዛ ነጋዴ አግኝቷል። አራት ሰው አዘጋጅቷል። የሚያቀልጠው አማቹ ነው። የአያ ዳምጤ ልጅ ለእሱ ከተዳረች ዓመት አልሞላትም።

ጥቅምት ፳፩፣ ማርያም

አገኘሁት። ከወይራው በታች፣ ውኃ የሚንጠባጠብበት ዋሻ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል የዳሩን ጽሑፍ አዞርኩት። እንዲህ ይላል፦ እሳት ፊት የሚቆሙት እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል። ሰው ሰካራም ይላቸዋል። አስረስ ጠላ እንኳ አይቀምስም፤ የእሱ እጅ ከሁሉም ይብሳል። ጭሱ ነው።

አስቀመጥኩት። ወጥቼ ጎመን ቀነጠስኩ። ተመልሼ አነበብኩት። ያው ነው።

ጥቅምት ፳፪

አስረስ ያኔ ለእንግዳ ሲቀዳ ብርሌው ከእጁ ወደቀ። በሰው ፊት፣ ደብቀህ ጠጥተህ መጣህ አልኩት። ጎንበስ ብሎ ስባሪውን ለቀመ። ስባሪውም በእጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለነፍስ አባታችን ሳይቀር ከሰስኩት። ምን እንደያዘው እሱም አያውቅ ይሆናል።

ፊደል የቆጠርኩት ከሞተ በኋላ ነው።

ጥቅምት ፳፬

የመጨረሻው ደብዳቤ። ለአቅላጮቹ ወተት ለምኖ ነበር፤ አልተላከም። ሰው እንዲቀያየርለት ጠይቆ ነበር፤ ቁጣ መጣለት። አሁን ልመና የለም። እሳቱን አጥፍቻለሁ ይላል። የዋሻውን አፍ በድንጋይ የደፈንኩት እኔው ነኝ፤ ማንንም አላዘዝኩም። ሹመቱን ለፈለጉት ይስጡት።

የእጅ ጽሑፉ የረጋ ነው፤ ለቁጣ ብሎ አንድ ፊደል አላበላሸም። እንጀራውን በገዛ እጁ ደፍኖ መዝጋቱ ነው እኮ። እሱ ከእሳቱ ማዶ ቆሞ ያየውን እኔ ጎኑ ተኝቼ አላየሁም።

ጥቅምት ፳፮፣ ጠዋት

አያ ዳምጤ መልእክት ላከ። ሰኞ ይጀምራሉ፤ ቦታውን ባልነግረውም በግምት ይቆፍራል። ስለዚህ መደበቁ አይረባም።

ቆረጥኩ። እሄዳለሁ። ደብዳቤዎቹን በአራቱም ሰዎች ፊት ከነዳራቸው አነባለሁ። ዋሻውን የምነግራቸው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያኔም ከፈለጉት። አማቹ ይስማና ራሱ ይወስን። ከሁሉ በፊት ግን የአስረስን። አያ ዳምጤ እስከ ዛሬ ወንድሜን መጠጥ ገደለው ይላል። ከእኔ ሰምቶ ነው።

በሰው መሀል ድምፄን አውጥቼ ተናግሬ አላውቅም። ግን ቃሉ የባሻ ነው፤ እኔ ወረቀቱን ማዞር ብቻ።

ባለ በቅሎው ደጅ ሆኖ ይጣራል። መንገዱን ሁሉ የመጀመሪያውን መስመር እለማመዳለሁ፦ አስረስ ጠላ እንኳ…