በቀይ ቀለም የታረመ ጋዜጣ

የካቲት 1፣ ሰኞ። ማታ

ዛሬም ባትሪዎቹን ፀሐይ ላይ አስጥተን ሬዲዮኑ ነፍስ ዘራ። የሁለት ሰዓቱን ዜና ያዝን። ጋሸና አካባቢ ወንበዴዎች በሕዝብ መኪና ላይ ተኩስ ከፍተው ተደመሰሱ፤ ሰፊው ሕዝብም ደስታውን ገለጸ። ሰማሽልኝ፣ ማስታወሻዬ? ደስታውን።

ቅዳሜ ጋሸና ነበርን፣ እኔና ዳ.። ዳንኤል። ሶሲዮሎጂ ክፍል አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን፣ አሁን አንድ የዘመቻ ጣቢያ የደረሰን። ምግብ ቤት በር ላይ ቆመን አይተናል። ወታደሮች ከጭነት መኪና ላይ ሆነው የሚሮጠውን ሁሉ ተኮሱበት። ጨው ነጋዴው አህመድ አልሮጠም። የእኛው ቀበሌ ሰው ነው፣ የታች መንደር። አህያውን እያራገፈ ነበር። አንገቱን መቱት። ጨው ላይ ወደቀ፣ ጨው ቀላ። ከወታደሮቹ በቀር መሣሪያ የያዘ ሰው አላየሁም።

ሬዲዮኑን ከድንጋይ ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝም።

የካቲት 4፣ ሐሙስ

ጋዜጣው ለዛሬ እንኳ ሳይዘገይ ደረሰ። ያው የሬዲዮኑ ቃል፣ አንድም ሳይጎድል። ዳ. እንደ እብድ አደረገው። መምህራችን እንዳስለመደን ቀይ እስክሪብቶ አወጣ፦ ማን አየ? ምንጩ ማን ነው? የሟቾቹ ስም የት አለ? ሕዝቡን ማን ጠየቀው? ዳር ዳሩን ሞላው።

እስከዚህ ደግ። ከዚያ የጣቢያው ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቻችን ጥሩ ልምምድ ነው አለ። ገበሬው ገና ሀ ሁ ላይ ነው። እዚህ ማንበብ የሚችሉት ካህናቱና የዘመቻው አስተባባሪ ናቸው። ይህን የሚሠራ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ብቻ ነው። ማጣበቂያውን ያቀበልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የካቲት 5፣ ዓርብ

አስተባባሪው ከታጣቂዎች ጋር መጣ። አነበበ። ማን ጻፈው አለ። ዳ. እኔ አለ፤ ጭራሽ ምንጭ እንዴት እንደሚመረመር ሊያስረዳው ጀመረ። በሰደፍ አፉን አሉት። ጥርሱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ወደቀ። ረገጡት፣ ሆዱን፣ ፊቱን። የአንዱን ታጣቂ እጅ ነከስኩ፤ ደሙ አፌ ገባ። አልጸጸትም። ከግድግዳ ጋር አላተሙኝና እሱን እየጎተቱ ወሰዱት።

አስተባባሪው ሲወጣ አዘዘኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ፣ ቀይ ያልነካው የጋዜጣው ቅጂ አነባለሁ። ጋሸና ነበርኩ፣ አህመድ ከወንበዴዎቹ ጋር ሲተኩስ በዓይኔ አይቻለሁ እላለሁ። እምቢ ካልኩ ዳንኤልን እርሺው አለ።

የካቲት 6፣ ቅዳሜ

የአህመድ ወንድም ሰይድ ከታች መንደር መጣ። እዚህ አገር የሞት ወሬ ያመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ ሰምተህ ነው ወይስ አይተህ? ነው። አየሁ ካለ ወሬኛ መሆኑ ይቀራል፤ ምስክር ነው፣ ሽማግሌዎች በቃሉ ይፈርዳሉ። የአህመድ መሬትና በሬዎች የወንበዴ ንብረት ተብለው ሊወረሱ ነው። የሚጠበቀው የእኔ ቃል ብቻ ነው።

ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «እህቴ፣ ወላሂ ደም ልመልስ ብዬ አይደለም። ልጆቹ የወንበዴ ልጅ ተብለው እንዳያድጉ ነው። አይተሻል ወይ?»

እኔን እንዲጠብቅ የተተወው ታጣቂ በሩ ላይ ነበር። እሑድ ና አልኩት። ፊቴን አየኝና ሄደ። አፈርኩ። ምነው ያኔ ጥይቱ እኔን ባገኘኝ።

የካቲት 7፣ እሑድ። ረፋድ

ቅዳሴ አልቋል። ሰው ሜዳው ላይ ተቀምጧል። ሰይድ ከፊት ነው፣ የአህመድን ልጆች ይዞ። ዳንኤልን አምጥተውታል። በአንድ ዓይኑ ወደ ጣቢያው ያያል፤ ሌላው አብጦ ተዘግቷል። አንብቢ ይበለኝ አታንብቢ አላውቅም። ሊገድሉት ይችላሉ። ይህን እያወቅሁ ነው የምጽፈው።

እንዳነበው የሰጡኝን ጋዜጣ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ወጥቼ ወታደሮቹ ናቸው እላለሁ። ከመኪና ላይ፣ አንገቱን፣ ባዶ እጁን። ፈርቻለሁ፣ ግን እላለሁ። ስሜን ጠሩ። አንቺን፣ ማስታወሻዬ፣ ጣራው ሥር ሸጉጬ ልወጣ ነው።