ለትያትር ያለቀስኩት

ማስተዋል እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ለእማ ከማንበብሽ በፊት መጀመሪያ እሷን አስቀምጫት። ቆማ አትስማው። ከዚያ ይህችን ብቻ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፦ ስለ ወንድማችን ስለ ደረበ ማንም ምንም ቢላችሁ፣ መርዶ አልመጣም፤ እኔ ያለቀስኩት ለትያትር ነው። ውኃ ስጫትና ሰላምታዬን ቀጥይ።

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ ለወይዘሮ ሀብትነሽ። እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? ግፊትሽስ እንዴት ነው? ከጤና ጣቢያ የሰጡሽን ክኒን ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ተሽሎኛል ብለሽ ለጎረቤት አደልሽው? ቡሬዋ ላም ወለደች? ብርዱስ በረታባችሁ? እኔ እዚህ ቆላ ብርድ ምን እንደሚመስል ረስቼዋለሁ። መድኃኔዓለም ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። የአገሩ ስልክ ባይቋረጥ ኖሮ እንዲህ ያለውን ነገር በወረቀት አልነግርሽም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ጠረፉ ላይ ኮኪት በወጣቶች አዳራሽ ለፋሲካ ትያትር ሊያሳዩ ነው። አዘጋጁ አማርኛ የሚያስተምሩት መምህር ባህሩ ናቸው። ትያትሩ የጥንት ነው፤ እሳቸው ተማሪ ሳሉም ይታይ ነበር አሉ። አንድ ልጇ ዘምቶ የቀረባት የባላባት ሚስት አለችበት። ፈረሱ ባዶ ኮርቻውን ይዞ ይመለሳል፤ እሷም በፈረሱ ፊት ቆማ ታለቅሳለች። ለእሷ የምትሆን ሴት ጠፍታ፣ እችላለሁ የምትል መጥታ ትፈተን ብለው በማይክራፎን አስለፈፉ።

እኔ ምን ቤት ነኝ? ቀን መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ሳበጥር እውላለሁ፣ ማታ ወገቤን ይዤ እገባለሁ። ግን አብራኝ የምታበጥር ሰዓዲያ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ አንቺ ወንፊት ይዘሽ የምታንጎራጉሪው እንኳ ሰው ያባባል፣ ሂጂ ብላ ነዘነዘችኝ። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አማረኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቋረጥኩ ወዲህ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ከአቧራው ወጥቼ ሰው ልምሰል አልኩ።

ቅዳሜ አመሻሽ ሄድን። ከእኔ በፊት አንዲት ፀጉር ሠሪ ተፈተነች። ጥፍሯን ተቀብታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ቃሉን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ወጣችው። እሷን ሳይ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ሹልክ ልል ብል ሰዓዲያ በሩን ይዛ ቆማለች። መምህሩ አንድ የፕላስቲክ ወንበር መሀል ላይ አስቀመጡ፤ ኮታቸውን አውልቀው ጣል አደረጉበትና ይኸውልሽ የልጅሽ ፈረስ አሉኝ። የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። እኔ ቃሉ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀበልኩ።

ወረቀቱን አነበብኩ። ዜና አታንብቢልኝ አሉ። ደግሜ አነበብኩ። ባሰ። ያን ጊዜ፣ ወረቀቱን ጣይው፣ ልጅ የቀረባት እናት ወረቀት ትይዛለች እንዴ፣ እንዳገርሽ አልቅሺ አሉኝ። ጣልኩት።

እማ፣ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ወንበሩ ላይ ያለውን ኮት አየሁት። ደረበ ባለፈው ክረምት ለሥራ ወደ ሱዳን ሲሻገር የለበሰው እንደዚያ ያለ ቡናማ ኮት ነበር። ሰው እርስ በርሱ ከሚተላለቅበት አገር ገብቶ ድምፁ ጠፋ። ስልኩ ሳይቋረጥ አንቺ ደህና ነው፣ የሚደውልበት አጥቶ ነው ትይኝ ነበር፤ እኔም አዎ እልሽ ነበር፤ ሁለታችንም አናምነውም ነበር። ያንን ኮት ሳይ በትያትሩ ልጅ ስም ፈንታ የወንድሜ ስም ከአፌ አመለጠ፦

ሰሊጡ ታጨደ ገባ ወደ ቤቱ፣
ደረበ ወንድሜ ምነው መዘግየቱ።

ደረቴን መታሁ። ከዚያ ወዲያ ያልኩትን አላስታውሰውም። ሳበቃ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። መምህሩ በቃ፣ ሌላ አንፈትንም አሉ። ሰዓዲያ እልል አለች። እኔን ግን ያን ጊዜ ነው ፍርሃት ሰቅዞ የያዘኝ። በቁሙ ያለ ሰው አይለቀስለትም፣ ሞት ስሙን ይሰማል ትይን የለም አንቺ? መርዶው ሳይመጣ ወንድሜን በሙሾ ጠራሁት። ቤቴ ገብቼ መሬት ላይ ተደፍቼ፣ ያልኩትን ለነፋስ አድርግልኝ እያልኩ ለመንኩ።

በዚህ ሙቀት መስኮት የሚዘጋ የለም። አዳራሹ ደግሞ ከመናኸሪያው ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ ሙሾዬ ሰፈሩን ሞልቶታል። እሑድ ጠዋት አከራዬ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው፣ አንዷ ንፍሮ ሌላዋ ሰሌን ይዛ ግቢውን ሞሉት። በሩን ሲያልፉ ወይኔ ልጄን ብለው ጮኹ። መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚመጣ ታውቂው የለ? እንዲህ ተሰብስበው ነው የሚመጡት። ደረበ ሞቷል፣ እነሱ ሰምተዋል፣ ሊያረዱኝ መጡ ብዬ መሬት ላይ ተዘረርኩ። እነሱም መውደቄን አይተው ባሰባቸው። እነሱ እኔን ሰምተው መጡ፤ እኔ እነሱን አይቼ አመንኩ።

እንደዚያ ሆነን እስከ ረፋዱ ተላቀስን። እድሮች ድንኳን ተከሉ። ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ወዲህና ወዲያ እያለ ሳሙናና ቴምር የሚነግድ ሷሊህ የሚባል ሱዳናዊ ደንበኛችን እንኳ ጀላቢያውን ሰብስቦ፣ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ለሟች የሚቀሩትን ፋቲሃ ቀርቶልኝ ሄደ። ኋላ ሰዓዲያ እያለከለከች ደረሰች። መርዶውን ማን ነገረሽ አለችኝ። እሳቸው አልኩና ወደ ወይዘሮ የዓለምወርቅ አመለከትኩ። እሳቸው ክው ብለው፣ እኔ? ኧረ በማርያም! ትናንት ስታለቅስ ሰምተን እንጂ እኛ ምን እናውቃለን አሉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያረዳ የለም። ሰዓዲያ፣ ትያትር እኮ ነው፣ የመምህር ባህሩ ትያትር ነው እያለች ስትጮኽ አንዷ ከት ብላ ሳቀች። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ግን አልሳቁም። ሰውየውን በቁሙ ቀበርነው ብለው አማተቡ። ንፍሮውን የቀመሰው ሰው የለም፤ ለዶሮ ተደፋ።

እኔም እፎይ ልል ነበር። ግን አምባው አለ። የአጎቴ የምናለ ጎረቤት አምባው ዘንድሮ እዚህ ማሽላ ሲያጭድ ነው የከረመው። ቅዳሜ መናኸሪያው ውስጥ ዕቃውን ሲያስጭን ድምፄንም የደረበንም ስም ሰምቷል። የአገራችን ሰው ለቅሶ ሰምቶ እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ንጋት ላይ አይሱዙው ላይ ተንጠልጥሎ ወደ እናንተ ተነሣ። አብረውት ያደሩት ሰዎች፣ ለሽማግሌዎቹ ነግሬ እናቱን አረዳታለሁ እያለ ነበር አሉኝ። በዚያ ግፊትሽ ላይ ማለዳ በርሽን ሲያንኳኩ ይታየኛል። አምባው ይቀድመኛል ወይስ ይህ ወረቀት ይቀድመዋል? እግዚአብሔር ጎማውን ያተንፍስበት ብዬ ስመኝ ዋልኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

እማ፣ ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት እሑድ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ የሚወጣ መኪና ጠፋ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ቀድጄ እንደ አዲስ ልጽፈው ነበር፤ ተውኩት። ማስተዋል፣ አሁን ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

ትናንት መጋዘን ውስጥ ሳበጥር ዘበኛው ሰው ይፈልግሻል አለኝ። ወጣሁ። ራሱን የተላጨ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ፣ ከንፈሩ በውኃ ጥም የተሰነጠቀ ሰው ቆሟል። እማዬን፣ እማዬን እያለ እላዬ ላይ ወደቀ። ደረበ ነው። እማ፣ ደረበ ነው! ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ። ጆሮውን ያዝኩት፣ ትከሻውን ዳበስኩት። እኔ አለህ ወይ እለዋለሁ፤ እሱ እማዬ መቼ ሞተች ይለኛል።

ለካ ሷሊህ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቅ ነው ፋቲሃ ቀርቶ የሄደው። ገላባት ላይ ለአበሻ ሠራተኞች ስሜን ጠርቶ፣ እስከዳር ቤት ለቅሶ ተቀምጠዋል ብሎ አወራ። ወሬው ከሎሪ ሎሪ እየተሳፈረ እዚያው ሱዳን ዶካ አጠገብ እርሻ ውስጥ ለነበረው ለደረበ ደረሰው። ስልኩን ታጣቂዎች ቀምተውት ነው እንጂ ደህና ነበር። እህቴ ቤት ለቅሶ ከተቀመጡ ግፊት ካለባት ከእማዬ ሌላ ማን ይሆናል ብሎ ራሱን ተላጨና ግማሹን በሎሪ፣ ግማሹን በእግሩ፣ በዚያ ጥይት በሚጮኽበት አገር አቋርጦ መጣ። ከተሸሸገበት ያወጣው የእኔ ሙሾ ነው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢያገኘው የገደልኩት እኔ ነበርኩ።

ደስታዬ ግን እዚህ ላይ አበቃ፤ ምክንያቱም አላመነኝም። እናታችን ደህና ናት ስለው ምን አለኝ መሰለሽ? ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚባባለው፣ መጀመሪያ ደህና ናት ይባላል፣ ከዚያ ትንሽ አሟታል ይባላል፣ ከዚያ አገርህ ግባ ይባላል። እውነቱን ነው። አባታችን የሞተ ጊዜ እኛንስ እንዲህ አይደል ያረዱን? ትያትር ነው ስለው ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ለትያትር ድንኳን ይተከላል ወይ አለኝ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ በታቦት ማሉለት። መምህር ባህሩ መጥተው ወረቀቱን አሳዩት። ተማክራችሁ ነው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መሬት ላይ ተቀምጧል፣ እህል አልቀምስ ብሏል። በእግሬም ቢሆን አገሬ እብናት ገብቼ መቃብሯን አያለሁ ነው የሚለው።

እማ፣ አሁን የምፈራው ይህን ነው። ከዚህ እስከ ጎንደር ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ ሰው ከመኪና እየወረደ ይታገታል፣ ብቻውን በእግሩ የሚሄድማ ቢታገት ማን ያየዋል? ከዚያ ሁሉ እሳት ወጥቶ አገሩ ገብቶ ይጥፋብኝ? ጫማውን ደብቄበታለሁ፤ ግን እሱ በባዶ እግሩም ይሄዳል።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣላችሁ ሹፌር ነገ በወታደር አጀብ ከሚወጡት መኪናዎች ጋር ይነሣል። ደረበን በስንት ልመና ሹፌሩ እስኪመለስ ብቻ እንዲቆይልኝ አስማልኩት። ስለዚህ ማስተዋል፣ የእማን ድምፅ በስልክሽ ቅጂና ሚሞሪ ካርዱን አውጥተሽ ለሹፌሩ ስጪው። እማ፣ ስትቀጂ ደህና ነኝ ልጄ አትበይ፤ ድሮ የተቀዳ ነው ይላል። ስደቢው። ሳትሞቺ ራሱን ስለተላጨብሽ ስደቢው፤ ጥቁር ስለለበሰብሽ እርገሚው። የትኛው ስድብ የአንቺ ብቻ እንደሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ያምናል፣ እህልም ይቀምሳል።

አንቺስ ታምኚኛለሽ? አምባው ቀድሞኝ ከሆነ፣ ልጄ እያባበለችኝ ነው ትያለሽ። የአንድ እናት ልጆች አይደለን? ለዚህ ነው ከታች በገዛ እጁ እንዲጽፍ ያደረግኩት። ማስተዋል ጽሕፈቱን ታውቀዋለች፤ ጦጣ የጻፈው ነው የሚመስለው።

የትያትሩ ነገር፣ መምህር ባህሩ ቦታው ያንቺ ነው ብለውኛል። ከመጀመሩ በፊት የሞተ ሰው የለም ብለው በማይክራፎን ሊያስለፍፉም ቃል ገብተዋል። እኔ እናቴ ሳትናገር አፌን አልከፍትም አልኳቸው። ተይ ካልሽኝ እተወዋለሁ፤ እስክሞት አላነሣውም። ግን እማ፣ ያንን ወረቀት ስጥል የተሸከምኩት ሁሉ አብሮ የወረደልኝ መሰለኝ። እፈራለሁ፣ ደግሞም እፈልገዋለሁ። ደረበን ሰድበሽ ስትጨርሺ ለእኔም አንድ ቃል ጣል አድርጊልኝ።

አጎቴን ምናለን ጉልበታቸውን ሳምኩ በይልኝ፤ አምባውን ጠርተው ያረዳውን በራሱ አፍ ያፍርሰው። አክስቴ አሰበች ለቅሶ ተቀምጣ ከሆነ ትነሣ፤ ነጠላዋንም ታቅናው። ማስተዋል፣ አንቺን ዓይንሽን ስሜሻለሁ፤ ትምህርትሽን እንደ እኔ እንዳታቋርጪ። ቡሬዋንም ግንባሯን ዳብሱልኝ። እማ፣ እግርሽን ስሜ እሰናበትሻለሁ።

ልጅሽ እስከዳር
ኮኪት፣ ሐሙስ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማ፣ ደረበ ነኝ። እኔ አለሁ። አንቺም ካለሽ ስደቢኝ።