በደጃፍዎ ስለ ተነጠፉት አራቱ ናሙናዎቼ

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን የግንባታ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። እርስዎ፣ ባለሙያዎችዎ፣ ማኅተምዎና ማኅተሙን የቆለፈበት ሰው ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ በሐምሌ ወር የተመታው ወገብዎ እንዴት እንደሆነ ሳልጠይቅ ብቀር ነውር ይሆንብኛል፤ ስለ አወዳደቅዎ ከዚህ በታች በቦታው እመለስበታለሁ።

እኔ ከእነዋሪና ከደነባ ምስርና ስንዴ እየሰበሰብሁ ደብረ ብርሃን የምሸጥ የእህል ነጋዴ ነኝ። የዋልሁበትን በየቀኑ በደብተር የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ ከዚያው የተገለበጡ ናቸው። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍሁትም እርስዎን ለማስቀየም አይደለም። በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እጅዎ ስላልገቡ፣ ምናልባት ከተማው ሁሉ ካነበበው አንዱ ይነግርዎታል ብዬ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ነው። እናቴ ወይዘሮ እማዋይሽ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ቤቷ፣ ካቻምና ነሐሴ ላይ የጓሮውን የድንጋይ ደረጃ ስትወርድ ጭቃው አንሸራትቷት ዳሌዋ ተሰበረ። ቤቱ እንደ ሠፈሩ ቤቶች ሁሉ ቁልቁለት ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ በፊት ለፊቱ በር ብትወጣ ዳገት፣ በጓሮው ብትወጣ ገደል ነው። አጥንቱ ገጥሟል፤ ደረጃ ግን ከዚያ ወዲህ ረግጣ አታውቅም። ስለዚህ ከጓሮው በር ደፍ ጋር እኩል የሆነ፣ በአጫጭር ቋሚዎች ላይ ያረፈ፣ አራት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ የጣውላ በረንዳ ልሠራላት ፈቃድ ጠየቅሁ። ወንበሯን አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ገፋ አድርጋ ፀሐይ እንድትሞቅ ነው። ሌላ ዓላማ የለውም።

የደረሰብኝን መስተንግዶ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ፣ ስለ ቅጹ። ቅጽዎ የግድግዳውን ዓይነት፣ የጣሪያውን ዓይነት፣ የበሩንና የመስኮቱን ብዛት ይጠይቃል። በረንዳዬ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ባዶውን ብተወው «ያልተሟላ» ተብሎ ተመለሰልኝ። በሁለተኛው ዙር «ግድግዳ፦ የለም። ጣሪያ፦ ሰማይ። መስኮት፦ በሁሉም በኩል» ብዬ ብሞላው ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀባይነት አገኘ። ስለ ቅልጥፍናው አመሰግናለሁ።

2ኛ፣ ስለ ናሙናው መጠን። በእኛ ንግድ ናሙና ማለት እፍኝ ነው። ገዢው ጆንያውን በቀጭን ብረት ወግቶ ጥቂት ፍሬ መዳፉ ላይ ያፈስሳል፣ አንዷን በጥርሱ ይሰብራል፣ ከዚያ ወይ ይገዛል ወይ ፍሬውን ወደ ጆንያው ይመልሳል። የእናንተ መመሪያ ግን የወለል ናሙና «ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ፣ ተገጣጥሞ» እንዲቀርብ ያዝዛል። አናጢዬ ገዛኸኝ ይህን ሲሰማ መጋዙን አስቀምጦ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ናሙና ነው አልጋ?» አለኝ። እኔም መሥሪያ ቤት ያለ ምክንያት አያዝም ብዬ ገሠጽሁት። በኋላ ምክንያቱን በዓይኔ ሳይ ይቅርታ ጠየቅሁት።

3ኛ፣ ስለ ቁሱ ምርጫ። ይህ ረዘም ይላልና ይታገሡኝ።

ሰኔ 5 ቀን የባሕር ዛፍ ናሙና አስገባሁ። ገዛኸኝ፣ ባሕር ዛፍ ልጡ ተልጦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከተቀባ ለቋሚ ጥሩ ነው፣ ለወለል ግን ይጣመማል ብሎኝ ነበር፤ ባለሙያዎ «በአካባቢው የሚገኝ ቁስ» ስላሉ ታዘዝሁ። በሳምንቱ «ዘመናዊ አይደለም» ተባለ። ሰኔ 16 ቀን ከፕላስቲክና ከሰጋቱራ ተቀላቅሎ የተሠራ የውጭ አገር ጣውላ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። እሱ ደግሞ «የአካባቢውን ገጽታ አይጠብቅም» ተባለ። ሰኔ 26 ቀን የሲሚንቶ ንጣፍ በሁለት ሰው አሸክሜ አመጣሁ። «ከባድ ነው፣ ቁልቁለቱ አይችለውም» ተባለ። በመጨረሻ ሐምሌ 3 ቀን ደነባ አጠገብ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የተገዛ የጥድ ጣውላ አቀረብሁ። ጥድ መቁረጥ ክልክል መሆኑን አስረዱኝ። ዛፉ የተቆረጠው እርስዎም እኔም ሳንወለድ መሆኑን እኔም በተራዬ አስረዳሁ። «ይጣራል» ተባለ፤ ይኸው እየተጣራ ነው።

ከአራቱ ናሙናዎች አንዱም አልተመለሰልኝም። የት እንደገቡ ለማወቅ ግን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ከዋናው መንገድ እስከ ቢሮዎ በር ባለው ጭቃ ላይ፣ በቀረቡበት ቅደም ተከተል፣ በተርታ ተነጥፈው አገኘኋቸው።

እባክዎን ይህን እንደ ቅሬታ እንዳይቆጥሩት። ቁሶቹን ጓሮ አኑሬ አንድ ክረምት ልፈትናቸው አስቤ ነበር፤ ግን ማን ይረግጥልኛል? እናቴ አትራመድም፤ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። እርስዎ የከተማውን ባለጉዳይ በሙሉ አስረገጡልኝ። ውጤቱን ከደብተሬ እንዳለ አቀርባለሁ።

ሐምሌ 18፦ ጉም። የባሕር ዛፉ ጣውላዎች ጠርዛቸው ወደ ላይ ተነሥቷል። ሁለት ሚስማር ብቅ ብሏል፤ የአንዲት ባለጉዳይ ነጠላ ያዘ።

ሐምሌ 22፦ ጉምና ካፊያ። ኃላፊው ስልክ እያናገሩ ፕላስቲኩን ረገጡት፤ እግራቸው ጥሏቸው ሄደ። ጥበቃው አለምነህ አንሥቶ አቧራቸውን፣ ማለት ጭቃቸውን፣ እየጠረገ «ብዙ ሰው ወድቆበታል ጌታዬ፤ ከአለቆች ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አላቸው።

ነሐሴ 8፦ ሲሚንቶው የቢሮው መኪና ጎማ ሲያርፍበት ለሁለት ተከፈለ።

ነሐሴ 30፦ ጥዱ እንደነበረ ነው። ሰው ሦስቱን ትቶ በጭቃው ይመጣና ጥዱ ጋ ሲደርስ ይወጣበታል። ጫማውንም የሚጠርገው እዚያ ነው።

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የትም አይገኝም ብዬ፣ መስከረም 13 ቀን የመረጥሁት ጥድ መሆኑን ከነምክንያቱ ጽፌ አመለከትሁ። የተሰጠኝ መልስ «ናሙናው በመዝገብ ገቢ ስላልተደረገ እንደገና ይቅረብ» የሚል ነበር። መልሱን በእጄ የሰጡኝ ባለሙያ በዚያች ደቂቃ ጥዱ ላይ ቆመው ነበር።

4ኛ፣ ስለ እናቴ በአካል መቅረብ። ጥቅምት 7 ቀን «ባለይዞታዋ በአካል ቀርበው ይፈርሙ» ተባልሁ። እናቴ እንደ ልብ መውጣት ብትችል ኖሮ በረንዳውን እንደማልጠይቅ በአክብሮት ገለጽሁ። ደንብ ደንብ ነው ተባልሁ። እኔም ደንብ አክባሪ ስለሆንሁ፣ ጥቅምት 12 ቀን ከገዛኸኝ ጋር ከነወንበሯ አንሥተን ዳገቱን አወጣናት፣ ባጃጅ ውስጥ አስገባናት፣ ደጃፍዎ አወረድናት። ቢሮዎ ለመግባት ሦስት ደረጃ አለው። እርስዎም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ወንበሯን ጥዱ ላይ አስቀመጥነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ጉሙ ተገፈፈ። እናቴ በአሥራ አራት ወር ውስጥ ፀሐይ ስትነካት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሻሿን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጋ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። አለምነህ መጥቶ «እትዬ እማዋይሽ፣ ወደ ጥላው ላዙርዎ?» ቢላት፣ «ተወኝ ልጄ፣ ጥላ ጠግቤያለሁ» አለችው። የድሮ የገበያ ጓደኛዋ ወይዘሮ በሰለች በመንገድ ስታልፍ አይታት ደንግጣ ቆመች። «እማዋይሽ፣ አለሽ እንዴ? እኔኮ ሞታለች ብለውኝ አልቅሼልሽ ነበር» አለቻት። እናቴም «መች ፈቃድ ሰጡኝ ብለሽ» ብላ መለሰችላት። ሰልፍ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከእርስዎ ቢሮ መስኮትም ሁለት ሰዎች ሲስቁ አይቻለሁ፤ ስማቸውን አልጽፍም።

ስድስት ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ ወጥታ ስብሰባው ከሰዓትም እንደሚቀጥልና ሰኞ እንድንመለስ ነገረችን። እኔ ደሜ ሊፈላ ሲል እናቴ በከዘራዋ ጫፍ ጥዱን መታ መታ አድርጋ «ወልዴ፣ ያልከኝ በረንዳ ይኼ ነው?» አለችኝ። «ናሙናው ነው እማዬ» አልኋት። «ታዲያ ምን ይጎድለዋል? ሰኞም አምጣኝ።»

ክቡር ሆይ፣ ነጋዴ ስለሆንሁ ገበያው ካልመጣልኝ ወደ ገበያው እሄዳለሁ። በረንዳውን እናቴ ዘንድ ማምጣት ካልተፈቀደልኝ እናቴን በረንዳው ዘንድ አመጣታለሁ። ከሰኞ ጥቅምት 17 ጀምሮ በሥራ ቀን ሁሉ፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ወይዘሮ እማዋይሽ በደጃፍዎ ጥድ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። አቤቱታ አታሰማም፤ የሚያልፈውን ሰው ሰላም ትላለች፣ ለምን እዚያ እንደተቀመጠች ለጠየቃት ታስረዳለች። የኅዳር ውርጭ ሲገባ ብርድ ልብስ እንጨምርላታለን። ጣውላው የመንግሥት ንብረት ነው የሚል ካለ፣ ገቢ እንዳልተደረገ የመዝገብ ቤትዎ ደብዳቤ ስለሚመሰክር፣ የተቀመጠችው በራሷ ዕቃ ላይ ነው።

ፈቃዱ ላይ ማኅተም ባረፈበት ቀን ገዛኸኝ መጥቶ ጥዱን ያነሣል፤ ቤት ከሚጠብቁት ወንድሞቹ፣ ከቀሩት የጥድ ጣውላዎች ጋር፣ ገጥሞ በረንዳውን በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ሌሎቹን ሦስቱን፣ የተጣመመውን፣ የሚያንሸራትተውንና የተሰነጠቀውን፣ ለመሥሪያ ቤትዎ በስጦታ ትቼልዎታለሁ። ለቀጣዩ ክረምት ይሆኑዎታል።

ጭቃዎን በጣውላው የሸፈነልዎ፣ ስለ ጤናዎ ከልቡ የሚጨነቅልዎና ሰኞ ጠዋት በደጅዎ እጅ የሚነሣዎት፣

ወልደተንሣኤ፣ የእማዋይሽ ልጅ
የእህል ነጋዴ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ሳነብላት እናቴ ስለ ወገብዎ በጣም አዘነች። ለወገብ ሕመም ፀሐይ ጥሩ ናት ትላለች፤ ሰኞ ወንበርዎን ይዘው ቢወጡ ጠጋ ትልልዎታለች። ናሙናው በመመሪያዎ መሠረት ሁለት ሜትር ስለሆነ ሁለት ሰው በደንብ ይይዛል።