በቢጫው ቀጠና ውስጥ ያለችው ብየዳ ቤት

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7
ከግቢያችን፣ ከብየዳ ቤትሽ ደጃፍ

ለባለቤቴ፣ ለግቢው አዛዥ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከዓይኔ፣ ከእንቅልፌና ከስሜ በቀር ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ መስመር ለቆ ሽቅብ ቁልቁል ቢልብሽ ጠጥቶ ነው እንዳትይ። ሁለቱም ዓይኖቼ አብጠው በቀረችልኝ ስንጥቅ እያየሁ ነው የምጽፈው። ትናንት ድንች ቆርጬ ለጥፌባቸው በረንዳው ላይ ስንጋለል ጡረተኛው ጎረቤታችን በአጥር አሻግሮ አየኝና «ምነው፣ ልትጠበስ ነው?» አለኝ። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ይህን የሚያመጣልሽ የአሸዋ መኪናው ሹፌር ነው። ስልክሽ የእኔን ቁጥር ባየ ቁጥር ድምፁ ስለሚዘጋ በሰው እጅ መላክ ግድ ሆነብኝ። እህትሽ ደብዳቤውን ከበር ላይ እንዳትመልሰው፣ የሚያስነጥስ አቧራ እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለበትም በያት።

ዜናው እንዲህ ነው። የወረዳችን የቀጠና ደንብ ባለፈው ወር ጸደቀ። ከእንግዲህ በዚህ ገጠር ዶሮ እንኳ የት እንደምትጭር በሕግ ታውቋል። አረንጓዴው የእርሻ ነው፣ ቡናማው የወርክሾፕና የመጋዘን፣ ቢጫው ደግሞ ጸጥታ የሰፈነበት መኖሪያ። ላም አረንጓዴው ውስጥ እንደልቧ ትግጣለች፤ ቢጫው ውስጥ ከገባች ከአጥር አምስት ሜትር ትርቃለች። ላሟ ገና አልተነገራትም። ምክር ቤቱ የድርቆሽ ክምር ሕንፃ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራከረ። በመጨረሻ ከሰው ቁመት ከበለጠ ግንባታ ነው ተባለ። አጭሩ የምክር ቤት አባል ተነሥተው «የማን ቁመት?» ብለው ጠየቁና ስብሰባው እንደ አዲስ ተጀመረ። እንዲህ ያለውን ደንብ ነው እኔ ሳረቅቅ የከረምሁት። ትስቂ እንደሆነ ሳቂ፤ ከሳቅሽ ብዙ ጊዜ ሆነሽ።

አሁን ወደ ጭንቄ ልግባ። ደንቡ አንቀጽ ሠላሳ አንድ የሚባል አለው። ደንቡ ለሕዝብ ሲቀርብ አንቺ አዳራሹን ጥለሽ ስትወጪ አልነበረም፤ በኋላ የገባ ነው። ማን እንዳስገባው አትጠይቂኝ። ከደንቡ በፊት ሥራ ላይ የነበረ ወርክሾፕ ቢጫ ውስጥም ቢሆን ይቀጥላል ይላል። እዚህ ድረስ ማር ነው። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ግን ማር ሲያይ አያስችለውም፤ «ስድስት ወር ያለማቋረጥ ሥራ ያቆመ እንደተተወ ይቆጠራል» የምትል ጨመረበት። የተተወ ማለት የማሽኑ የኤሌክትሪክ መስመር ይቆረጣል፣ ማሽኑም ከግቢው ይወጣል፣ እዚህ ቦታ ላይ ዳግመኛ ብረት አይበየድም ማለት ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ሥራው ከቆመበት ቀን ጀምሮ ነው። የፊታችን እሑድ ስድስት ወር ይሞላል።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ሰው ሲጨንቀው የማያውቀውን ይሠራል። ያለፈው እሑድ ማሽንሽን ወደ ግቢው መሃል ጎትቼ አወጣሁ፤ ሥራው አልቆመም እንዲባል፣ መንደሩ ሁሉ ፍንጣሪውን እንዲያይልኝ። የብየዳ ጭምብሉን ይዘሽው ስለሄድሽ የፀሐይ መነጽሬን አደረግሁ። የዓይኔ ነገር እንግዲህ አሁን ገባሽ። ሁለት ቱቦላሬ ብረት ላያይዝ አስቤ ሦስቱን አያያዝሁ፤ ሦስተኛው የብረት ጠረጴዛሽ ነው። አሁን አንድ ሥጋ ሆነዋል፤ ከአንቺ በቀር የሚለያያቸው የለም።

ጡረተኛው አጥሩ ላይ ተደግፎ «ምንድን ነው የምትሠራው?» አለ።

«በር።»

«ወዴት የሚያስገባ?»

በማግስቱ ተቆጣጣሪው መጣ። ያ ሜትር ከወገቡ የማይለየው፣ «ሜትሬው» የምትይው። በጠረጴዛሽ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረና «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ምርት ነው። ሥራው እንዳልቆመ ጻፍልኝ።»

«የበየደው ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ይሄ አዲስ አገልግሎት ነው። ነባሩ የእሷ ነው። ቢጫ ውስጥ አዲስ ብየዳ ክልክል ነው፤ ቅጣት ልጻፍብህ?»

«አንተ ልጅ፣ ይህን አንቀጽ ማን እንደጻፈው ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም! ጥርት አድርገህ ነው የጻፍከው፤ እጅህ አይንጠፍ።»

እጁን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባሁት። የጀመርሽው የመስኮት ፍርግርግ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጓንትሽም ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ጣቶቹ እስካሁን የእጅሽን ቅርጽ አልለቀቁም። «ይኸው ጓንቷ፤ ትታ የሄደች ሰው ጓንቷን እዚህ ትተዋለች?» አልሁት። ጓንቱን አየ፣ ቀጥሎ ጎኑ ያለውን ባዶ ሚስማር አየ።

«ጭምብሉስ?» አለኝ።

እኔም ራሴን ስጠይቅ የከረምሁት ይህንኑ ነው። በጓንቱ ተስፋ አደርጋለሁ፣ በጭምብሉ እሰጋለሁ። ሰው ጭምብል ይዞ የሚሄደው ሌላ ቦታ ሊበይድ ነው።

ጡረተኛው ይመስክርልኝ ብዬ ወደ እሱ ሄድሁ። በብየዳሽ ድምፅ ስንት ዓመት ያመለከተብን ሰው ነው እንግዲህ! «ብየዳው አልቆመም፣ እሰማ ነበር ብለህ ንገርልኝ» አልሁት።

«በዚህ ዕድሜዬ ልታስዋሸኝ?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ድምፁ እያለ በእሱ እየተናደድሁ ቀኑ ይመሽልኝ ነበር። አሁን በምን ልናደድ? የግቢዬ በር ማጠፊያ ተገንጥሎ በገመድ አስሬዋለሁ፤ ለሌላ በያጅ አልሰጥም። እሷ ትመጣለች ብዬ ነው የማልሰጠው። መስክር ካልከኝ ይህን እመሰክራለሁ።»

ሜትሬው በገመድ የታሰረ በር ማስረጃ አይሆንም አለ።

የቀረኝ ቢጫውንና ቡናማውን የሚለየውን መስመር ማንቀሳቀስ ነበር። ካርታውን ወደምትቀባው ልጅ ሄድሁ። ቀለሟን እያነካካች፣ ቀና ብላም ሳታየኝ «ጋሼ፣ ያኔ መስመሩን ከአጥራችሁ በስተፊት ላድርገው ወይስ በስተኋላ ብዬ ሁለቴ ጠይቄህ ነበር እኮ» አለችኝ። ጠይቃኛለች። በስተኋላ ቢሆን ብየዳ ቤትሽ ቡናማ ውስጥ ይሆን ነበር። ለሚስቱ አዳላ እንዳይሉኝ በስተፊት አልኋት። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ካርታውን በዘንግ እያሳየሁ ሳለ አንቺ ጥላሸት በነካው እጅሽ ብድግ ብለሽ «ባለሙያው፣ ያቺ ቢጫ ውስጥ ያለችው ብየዳ ቤት የማን ናት?» አልሽኝ። እኔም «ደንቡ ስም አያውቅም» አልሁ። ሰዉ አጨበጨበ። በማግስቱ ጠዋት የጭምብልሽ ሚስማር ባዶ ነበር።

ወደ ሰብሳቢው ገባሁ። «ለሚስትህ ብለህ የጸደቀ መስመር ልታጣምም?» አለኝ።

«መጀመሪያም የተጣመመው በሚስቴ ምክንያት ነው፤ ያኔ እሷን ሲጎዳ አጨበጨባችሁልኝ፣ አሁን ሲጠቅማት ሕግ ሆነባችሁ?» ብዬ ጮህሁ። ጸሐፊዋ ጭምር ብቅ ብላ አየችኝ። እኔ፣ በጨዋነቴ የምታወቀው! የሰብሳቢውን ጠረጴዛ መታሁት። እጄን አመመኝ፤ ጠረጴዛው ደህና ነው። «ውጣ» አለኝ፤ ወጣሁ። ስሜንም ከዓይኔና ከእንቅልፌ ጋር የደመርሁት ለዚህ ነው።

ስወጣ ግን ደረጃው ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንቀጹ ሲረቀቅ ሰብሳቢው ስድስት ወሯን ሲያስገባ፣ እኔ ደግሞ ከሥር አንዲት ዓረፍተ ነገር አስገብቼ ነበር። «ባለቤቱ የመመለስ ሐሳብ ካለው ቦታው እንደተተወ አይቆጠርም» ትላለች። ያኔ ሰብሳቢው ስቆብኝ ነበር። «የሰውን ሐሳብ በምን ሜትር ትለካዋለህ?» አለኝ። እኔም «አንለካውም፤ እንጠይቀዋለን» አልሁት። ሁሉም ደክሞት ስለነበር አለፈች።

ሜትሬውን መንገድ ላይ አስቁሜ ነገርሁት። ቆሞ አሰበና «ልክ ነህ። ግን መልሱ ከእሷ ይምጣ፤ አንተ ስለ እሷ ሆነህ ስትመልስ አዳራሹ ውስጥ አይተንሃል» አለኝ። አዎ፣ አይተውኛል።

ስለዚህ እየጠየቅሁሽ ነው። ባለሙያው አይደለም የሚጠይቅሽ፤ እሱን አዳራሹ ውስጥ ትቼዋለሁ። የመመለስ ሐሳብ አለሽ ወይ? ሹፌሩ ዓርብ ይመለሳል። አንዲት ቃል ይበቃል። አይ ብትይም ጻፊልኝ። ማሽንሽን ሌላ ሰው እንዲጎትተው አልፈልግም፤ እኔው ጠቅልዬ፣ ጠረጴዛውንም ከነቱቦላሬው ጭኜ እልክልሻለሁ። ጓንቱን ብቻ ካልጠየቅሽኝ አልልክም።

ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋብኝ ነው። እጅሽን እሳት አያግኘው፣ ዓይንሽ ብርሃን አይጣ፣ በእህትሽ ቤትም ሆነ ባለሽበት ሁሉ ሰላም ይሁንልሽ። ወደ ውጭ ስትወጪ ይቅናሽ፤ ወዲህ ከመጣሽ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይቅናሽ።

ባለቤትሽ፤
የቢጫው ቀጠና ነዋሪ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ስድስት ወሯ የምትመለከተው ብየዳ ቤቱን ብቻ ነው። ስለ መኖሪያ ቤቱ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አገላብጬ አየሁት፤ ስንት ጊዜ ባዶ ቢቀመጥ እንደተተወ እንደሚቆጠር የሚል አንድም ቦታ የለም። ደንቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ይህን አልጻፍሁበትም።