የናሆም ወተትና የፍሪዘሩ ፋን

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3፣ ጠዋት

ዛሬም ሁለት ከረጢት የጡት ወተት። ቀኑን ጻፍኩበት፣ ፍሪዘር ውስጥ ደረደርኩት፣ ወደ ሥራ ልሮጥ። እማዬ ልጄን ናሆምን ከዓረብ አገር ወደ ሆሳዕና ይዛው ከሄደች ወዲህ ሕይወቴ ይኼው ነው። መታለብና ማስቀመጥ። ላም ሆንኩልሽ፣ ማስታወሻዬ።

ነሐሴ ላይ ፈቃድ አለኝ። በበረዶ ሳጥን ይዤለት እሄዳለሁ። ዋናው ነገር ግን ከረጢቱ አይደለም፤ ጡቴ እንዳይነጥፍ ነው። ደርሼ ራሴ እንዳጠባው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ፍሪዘሩ ከትናንት ጀምሮ ይጮኻል። ቂርር፣ ቂርር። በሩን ስከፍት ዝም፣ ስዘጋው ቂርር። እትዬ አልማዝ አርጅቷል፣ ኸላስ፣ አለቀለት፣ አለች። አብራኝ ነው የምትኖረው፤ ሰው ቤት ጽዳት ትሠራለች። እዚህ ካራማ ሰፈር ውስጥ ያላረጀ ምን አለ? ሕንፃው፣ ሊፍቱ፣ እኛ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ጩኸቱ ቆመ። ደስ አለኝ፣ ሞኝ! ከሥራ ስመለስ ታችኛው ክፍል ያለው ቲማቲም ለብ ብሏል፣ እርጎው ኮምጥጧል። ላይ ያለው ወተት ግን ገና ድንጋይ ነው። ተመስገን።

ለታምራት ደወልኩ። ባሌ ነው፤ የሚኖረው ሙሀይስና ሰፈር፣ የጥበቃ ሠራተኞች ካምፕ። እኔ እዚህ ቤድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ ተከራይቼ። ደሞዙ ለቤተሰብ ቪዛ አይበቃም፣ ቤድ ስፔስ ደግሞ ሕፃን አያስገባም። ተጋብተን በስልክ የምንኖር ሰዎች ነን።

አገር ቤት ፍሪጅ ጥገና ሠርቷል። በሩን ከፍተሽ ጠርዙ ላይ ያለውን ቁልፍ በጣትሽ ተጫኚ፣ የተዘጋ ይመስለዋል፣ ያኔ ፋኑ መዞር አለበት አለኝ። ተጫንኩ። ጭንቅላቴን አስገብቼ አዳመጥኩ። ምንም። እንግዲያው ቅዝቃዜውን የሚነፋው ፋን ቆሟል፣ ወይ በረዶ ይዞታል ወይ ተቃጥሏል አለ። ነገ ዕረፍቱ ነው፣ ይመጣል። እስከዚያ በሩን አትክፈቱ። አምስት ሴት ለሚኖርበት ቤት አትክፈቱ ማለት እንዴት ቀላል ነው!

ሐሙስ፣ ሰኔ 5፣ ከሰዓት

ታምራት መጣ። በአንድ እጁ ካቻቢቴ፣ በሌላው ማንጎ። ሶኬቱን ነቀለ። ወተቱን ከበረዶ ጋር ፎም ሳጥን ውስጥ አሸግን።

ከዚያ ጉዱ ወጣ። ፍሪዘሩ ውስጥ ከኋላ፣ ነፋሱ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ፣ እንጀራ! በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጀርባው ላይ ተለጥፎ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አብረን ለምንበላው እትዬ አልማዝ ከአጅማን ያመጣችው ነው። ሳይበርድ፣ እንፋሎቱን እንደያዘ ከታዋለች። መተንፈሻውን ደፍኖታል፣ እንፋሎቱ በረዶ ሆኖ ፋኑን ጨብጦ ይዞታል።

ታምራት በፀጉር ማድረቂያ አቀለጠው። ሶኬቱን ሰካ። ዞረ! አጨበጨብኩ።

እትዬ አልማዝን ምነው ከኋላ አልኳት። የልጁ ወተት ከፊት እንዲሆንልሽ ብዬ ነው፣ ዋላሂ፣ አለች። ጴንጤ ሆና ዋላሂ ሳትል አትውልም። ምን ትያታለሽ እንግዲህ? ሳምኳት።

እሑድ፣ ሰኔ 8

የአምልኮ አዳራሹ ውስጥ ስለ ናሆም ጸለዩልኝ። ቀሎኝ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ዝምታ።

ከረጢቶቹ ለስልሰዋል። ከፊት ያሉት ጭራሽ ውሃ። ትናንት ሁላችንም ሥራ ነበርን፣ ዛሬ አምልኮ፤ መቼ እንደቆመ ያወቀ የለም። ታምራት በስልክ ሽፋኑን አስፈታኝ፣ ፋኑን በጣቴ አስነካኝ። በጣት ይዞራል። በራሱ እምቢ። በረዶውን ሲታገል ሞተሩ ተቃጥሏል አለ። ድምፁ ወረደ።

የቀለጠ ወተት ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም። ያዋለደችኝ ነርስ አስጠንቅቃኛለች።

እትዬ አልማዝ ላይ ጮኽኩባት። እንጀራሽ የልጄን ወተት በላው አልኳት። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ! ሲንኩ ጋ ቆሜ ከረጢቱን እየቀደድኩ ስደፋ መጥታ አጠገቤ ቆመች። እኔ እደፋለሁ፣ እሷ ቧንቧውን ትከፍታለች። የግንቦቱ ሄደ። የምሠራበት ሆቴል አንሶላ መጋዘን ውስጥ በር ዘግቼ የታለብኩት ሁሉ ሄደ። አለቀስኩ። በጣም አለቀስኩ።

ያኔ ነው የነገረችኝ። እሷም ልጇን ጡት ሳይጥል ለእህቷ ሰጥታ ነው የመጣችው። ዛሬ ጎረምሳ ነው። እማዬ የሚለው እህቷን ነው። እሷን በስልክ እትዬ ይላታል።

እኔም እትዬ ነው የምላት። ዛሬ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ከታምራት ጋር ሻርጃ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት ሰፈር። ሙቀቱ አይጣል ነው። ባለሱቁ የተቃጠለውን አይቶ ከክምሩ ውስጥ መሳዩን አወጣ። ያላ፣ ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለም አለ። ሳይመሽ ተገጠመ። ዞረ፣ ነፋ፣ በረደ። ባዶ ፍሪዘር፣ ጤነኛ ፋን። ታምራት አየኝ። እንደ ሐሙሱ ማጨብጨብ አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

መጋዘኑ ውስጥ ዛሬ የወጣው ጭላጭ ነው። ሐዘን ወተት ያደርቃል ይላሉ። ፈራሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደወልኩ። ናሆሜ፣ እናት መጣችልህ፣ አልኩት። ድምፄን ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቀና ዞሮ እማዬን አያት። የእኔ ጌታ፣ ምን ጥፋት አለበት? ድምፁ የእኔ ነው፤ አጠገቡ ያለችው ግን እሷ ናት።

ልሄድ ነው ብዬ ለታምራት ነገርኩት። ለነሐሴ ነው? አለ። አይደለም፣ ጠቅልዬ ነው አልኩት። እኔስ አለ። ናሆም እንዴት ዞሮ እማዬን እንዳያት ነገርኩት። በመጨረሻ፣ ለእኔ የምትነፍጊውን እሱ ያግኝ፣ ሂጂ አለኝ። እያለቀሰ መሆኑን አውቃለሁ።

ነገ ጠዋት መልቀቂያ ይዤ ሥ/አስኪያጇ ጋ እገባለሁ። የማስጠንቀቂያው ወር እስኪያልቅ እታለባለሁ፤ ለከረጢት ሳይሆን ላለመንጠፍ።

አሁን እትዬ አልማዝ መጣች፣ እንጀራ ይዛ፣ በሩ ላይ ቆማለች። ፍሪዘሩ ያንቺ ነው፣ አብርጂውና አስገቢ፣ ከኋላ ብቻ አታስጠጊው አልኳት። የልጁስ ወተት አለችኝ።

ወተት አልወስድለትም። እኔው እሄድለታለሁ።